የአንድ ሰመር ቡድን፦ ከልጄ ጋር በፍሬድሪክ ያየሁት ቤዝቦል

የከተማችን ቡድን የኖረው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በ2023 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ፣ እኛ እንቁጣጣሽን ባከበርንበት ሰሞን፣ አበቃ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። ስሙ ስፓየር ሲቲ ጎስት ሃውንድስ ነበር። ከተማችን ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ፍሬድሪክ ናት።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ልጅ ይዘው ከትልልቆቹ ከተሞች ራቅ ብለው ለሚኖሩ ሐበሾች ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ኪራዩ ሲከብድ ብዙ ሰው በ270 መንገድ ወደ ላይ እየወጣ ነው። መጀመሪያ ጀርመንታውን፣ ቀጥሎ ክላርክስበርግ፣ ከዚያ እኛ ጋ። ቤቱ ሰፋ ይላል፣ መንደሩ ጸጥ ያለ ነው። ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ የት ይዋሉ? ዘመድ ሩቅ ነው። ጓደኛም ሥራ ላይ ነው። ልጁ ሙሉ ሰመሩን ስልክ ላይ አፍጥጦ ሊያሳልፈው ይችላል።

ለእኛ ቤት መልሱ ትንሹ የቤዝቦል ስታዲየም ሆነ። በእናንተም ከተማ እንዲህ ያለ ቡድን ካለ ወይም ሊመጣ ነው የሚባል ወሬ ከሰማችሁ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱ። እነዚህ ቡድኖች ዕድሜያቸው አጭር ነው። ለምን አጭር እንደሆነ ቀድሞ ማወቅም ይጠቅማል፤ በተለይ ልብ ብሎ የሚወድ ልጅ ላለው ሰው።

መጀመሪያ ቡድኑ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ፍሬድሪክ ለቤዝቦል አዲስ አይደለችም። ከ1989 ጀምሮ ኪይስ የሚባል ቡድን አላት። ስሙ የተወሰደው የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ከጻፈው ከፍራንሲስ ስኮት ኪይ ነው። ሰውዬው የተቀበረው ከስታዲየሙ አጠገብ በሚገኘው በማውንት ኦሊቬት መቃብር ነው። ኪይ በእንግሊዝኛ ቁልፍ ማለት ስለሆነ፣ ጨዋታው ሰባተኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ሲደርስ ደጋፊው ሁሉ የቤትና የመኪና ቁልፉን አውጥቶ ያንቀጫቅጫል። ሕፃናቱ ይህን በጣም ይወዱታል። የእኔ ልጅ እስካሁን ቁልፌን ከቦርሳዬ እየወሰደብኝ ነው።

ኪይስ ለረጅም ጊዜ ባልቲሞር ኦሪዮልስ የሚባለው የትልቁ ሊግ ክለብ ወጣት ተጫዋቾቹን የሚያሳድግበት ቡድን ነበር። ማኒ ማቻዶ ራሱ ወደ ትልቁ ሊግ ከመውጣቱ በፊት በ2011 እዚህ ተጫውቷል። ከዚያ 2020 መጣ። ኮሮና የትንንሾቹን ሊጎች ሙሉ የውድድር ዘመን አሰረዘ። በዚያው ሰሞን ሜጀር ሊግ (ትልቁ ሊግ) ከሥሩ ያሉትን ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ቀነሰ። ኪይስ ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። በ2021 ድራፍት ሊግ ወደሚባል አጭር የሰመር ውድድር ገባ። ስታዲየሙ ከ5 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። እንዲህ ያለ ቤት ለጥቂት ወር ጨዋታ ብቻ ሲሆን ለባለቤቱም ለከተማውም ይከብዳል።

ስለዚህ በ2023 ሁለተኛ ቡድን መጣ። ይኼኛው የአትላንቲክ ሊግ ቡድን ነው። ሊጉ በ1998 የተጀመረ ሲሆን በ2023 10 ቡድኖች ነበሩት። እያንዳንዱ ቡድን 126 ጨዋታ ይጫወት ነበር። ኪይስና አዲሱ ቡድን አንዱን ስታዲየም ተጋሩት። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ለእኛ ለተመልካቾቹ ይህ ድግስ ነበር። ማንኛውንም ቀን ብትሄዱ ጨዋታ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

አዲሱ ቡድን ውድድሩን ሲጀምር ስም አልነበረውም። ሕዝቡ ስም እንዲጠቁም ተጠይቆ ነበር፤ ስሙ ግን የወጣው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው። ልጄ በዚያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። «እማ፣ ስማቸው ማን ነው?» አለኝ። «ገና አልወጣላቸውም» አልኩት። «ታዲያ ምን ብዬ ልጩህ?» አጠገባችን የተቀመጡት አሮጊት ሰምተው ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «የከተማውን ስም ጥራ!» አሉት። ያን ቀን ፍሬድሪክ፣ ፍሬድሪክ እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። እዚህ የተወለደ ቢሆንም የከተማውን ስም እንደዚያ በሙሉ ልቡ ሲጠራ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

በኋላ የወጣው ስም ከከተማዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስፓየር በእንግሊዝኛ ሾጣጣ ማማ፣ ጎስት ሃውንድ ደግሞ የሙት ውሻ ማለት ነው። ፍሬድሪክ መሐል ከተማዋ ላይ ጎን ለጎን በቆሙ ሾጣጣ የቤተ ክርስቲያን ማማዎች ትታወቃለች። ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው በሳውዝ ማውንቴን ተራራ ደግሞ ማታ ማታ መንገደኛን የሚያስደነግጥ የሙት ውሻ አለ የሚል የቆየ አፈ ታሪክ አለ። ልጆቹ ስሙን በአንድ ቀን ተቀበሉት። ማታ ማታ ስታዲየሙ በሙሉ እንደ ውሻ ይጮህ ነበር።

አሁን ወደ ጨዋታው። በእግር ኳስ ላደገ ሰው ቤዝቦል መጀመሪያ ላይ ይሰለቻል። ኳሷ ቆማለች፣ ሰዉም ቆሟል፣ አንዱ ሱፍ እያኘከ ልጣጩን ይተፋል፣ ሌላው ጓንቱን ፈትቶ ያስራል። እኔን ያዳነኝ ወረቀትና እርሳስ ነው። ስኮርካርድ የሚባል ሠንጠረዥ የተሰመረበት ወረቀት አለ። ካላገኛችሁ ከኢንተርኔት በነፃ አትማችሁ ትሄዳላችሁ። እያንዳንዱን ጨዋታ እየተከታተሉ እዚያ ላይ መመዝገብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ የሚከላከሉት 9 ሰዎች እንደ ቦታቸው ቁጥር አላቸው፤ ማሊያቸው ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። ኳስ ወርዋሪው ፒቸር 1 ነው። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው ካቸር 2። ቤዝ የሚባሉት መቺው እየሮጠ የሚደርስባቸው ማረፊያዎች ናቸው፤ የአንደኛ ቤዝ ጠባቂ 3፣ የሁለተኛ ቤዝ 4፣ የሦስተኛ ቤዝ 5። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6። ሩቅ ሜዳ ላይ ያሉት ሦስቱ ከመቺው በኩል ስታዩአቸው ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9። መቺው ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ ልኮ፣ ሾርትስቶፑ ለአንደኛ ቤዝ ወርውሮ ካስወጣው 6-3 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በአንድ ምት ሁለት ሰው ከወጣ፣ ኳሷም ከሾርትስቶፕ ወደ ሁለተኛ ከዚያም ወደ አንደኛ ከሄደች 6-4-3 ይሆናል። ሦስት ስትራይክ (መቺው የሳተው ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፈው ኳስ) የገባበት ሰው በእንግሊዝኛው ኬ ፊደል ይመዘገባል። ዱላውን ሳያንቀሳቅስ ቆሞ ኳሷን እያያት ከወጣ ደግሞ ኬ ወደ ኋላ ተገልብጣ ትጻፋለች።

ይህን መጻፍ ስትጀምሩ መሰልቸቱ ይጠፋል። ዓይናችሁ ኳሷን መከተል ይለምዳል። ለልጅ ደግሞ ሒሳብም ትዕግሥትም ነው። እኔና ልጄ በተራ እንጽፍ ነበር። እሱ ጎዶሎዎቹን ኢኒንጎች፣ እኔ ሙሉዎቹን። ክርክር ሲነሳ ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይዳኙናል። እኔ አብዛኛውን ሕግ የተማርኩት ከእነሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድን የማያውቁትን ሰው ቀርቦ ማዋራት ሊከብድ ይችላል። ስኮርካርድ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ሁሉም ነው የሚያወራው።

አትላንቲክ ሊግ ሌላም የሚገርም ነገር አለው። ሜጀር ሊግ አዳዲስ ሕጎችን ከሚሞክርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ሰፋ ያለው ቤዝ በ2019 እዚህ ተሞክሯል። ስትራይክና ቦል (ከመቺው ክልል ውጭ የተወረወረ ኳስ) የሚለየው ማሽንም በዚያው ዓመት እዚሁ ሊግ ውስጥ ሥራ ጀምሯል። በ2023 ደግሞ በእኛ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ነበር፦ ቡድኑ አንድ ፈጣን ሯጭ ያስመዘግባል። አንድ ቀርፋፋ ተጫዋች ቤዝ ላይ ሲደርስ ሯጩ ይተካዋል፤ ቀርፋፋውም በኋላ ተመልሶ መጫወት ይችላል። ሌላም አለ። ጀማሪው ፒቸር አምስት ኢኒንግ ሳይጨርስ ከወጣ፣ ቡድኑ ለፒቸሩ የሚመታለትን ሰው ያጣል። ልጄ ይህን ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሲያስረዳ የቴሌቪዥን ተንታኝ ነበር የሚመስለው። ትልቁን ሊግ ብቻ የሚያይ ልጅ ገና ያልሰማውን እሱ በዓይኑ አይቷል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን መቅረቡን ነው። የኦሪዮልስን ወይም የናሽናልስን ጨዋታ ለማየት ወደ ባልቲሞር ወይም ወደ ዲሲ መንዳት፣ ፓርኪንግ መክፈል፣ ከዚያ ሰማይ ጥግ መቀመጥ አለባችሁ። እዚህ ተጫዋቹ እጃችሁ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነው። የአትላንቲክ ሊግ ተጫዋቾች ጀማሪዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ቀደም ሲል በትልልቅ ክለቦች ሥር የነበሩ፣ አንዳንዶቹም ሜጀር ሊግ ላይ የተጫወቱ ናቸው። ተቀንሰው ወይም ተጎድተው ሁለተኛ ዕድል ፍለጋ ነው የሚመጡት። ክፍያው ትንሽ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ጨዋታውን ወዶ ነው ያለው፤ ይህ ደግሞ ይታያል።

አንድ ቀን በር እንደተከፈተ ገብተን አጥሩ ዳር ቆምን። አንድ ፒቸር አሟሙቆ ሲመለስ ልጄ ኳሱን ዘረጋለት። ሰውዬው ፈረመለት። ከዚያ ኳሷን መልሶ ከእጁ ወሰዳትና «ፋስትቦል እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለህ?» አለው፤ ፈጣኑን ውርወራ ማለቱ ነው። ኳሷ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ 108 ድርብ ጥልፍ አለ። ስፌቱ ፈረስ ኮቴ የሚመስል ቅርጽ የሚሠራበትን ቦታ አሳየው። ሁለቱን ጣቶቹን በስፌቱ ላይ አግድም አስቀመጠለት። አውራ ጣቱን ከሥር አዞረለት። የልጄ መዳፍ ትንሽ ስለሆነ ኳሷን አጥብቆ ጨመቃት። «አይ፣ አይ፣ እንቁላል እንደያዝክ ያዛት። ከመዳፍህ ጋር ክፍተት ይኑራት» አለው። ስፓኒሽ የሚመስል ዘዬ ነበረው። ከየት እንደመጣን ጠየቀን። ኢትዮጵያ ስንለው ስለ ሯጮቻችን አነሳ። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ልጄ ግን እስከ ዛሬ ኳስ የሚይዘው እንደዚያ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማግኘት ሰዓት ወሳኝ ነው። በሩ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይከፈታል። ያኔ ግቡ። ጥቁር ቋሚ ማርከርና ንጹሕ ኳስ ያዙ። ልጁ ራሱ ይጠይቅ፤ ከወላጅ ይልቅ ለልጅ ነው የሚቆሙት። ከጨዋታ በኋላ ቢሆን ደክሟቸዋል፣ አውቶቡስም ሊጠብቃቸው ይችላል።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ኤፕሪልና ሜይ ላይ ማታ ማታ ይበርዳል፤ ቀን ሞቆ አያታልላችሁ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያዙ። እኔ ነጠላዬን ደርቤ እሄድ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ከመረቡ ውጭ ባሉት መቀመጫዎች የምትቀመጡ ከሆነ ዓይናችሁን ከመቺው አትንቀሉ። ኳሷ በጣም ፈጥና ትመጣለች። ሕፃን ካቀፋችሁ ከመረቡ ኋላ መቀመጥ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ኦቾሎኒ፣ ሱፍና ፋንዲሻ አለ፤ ፋንዲሻው ላይ ቅቤ እንዳያደርጉ ቀድማችሁ ንገሩ።

በብዙ ትንንሽ ስታዲየሞች ቅዳሜና እሑድ አካባቢ ከጨዋታ በኋላ ርችት ይተኮሳል። ልጆች ይደሰቱበታል። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ፣ በተለይ ጦርነት ያየ ሰው አብሯችሁ ካለ ግን ቀድማችሁ ንገሩት። ድምፁ በድንገት ነው የሚመጣው። የአንዲት ጓደኛዬ እናት ከመቀመጫቸው ተነስተው የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ሊሮጡ ነበር። ከዚያ በኋላ የጨዋታውን ፕሮግራም አይተን ርችት የሌለበትን ቀን እንመርጥላቸው ጀመር። እሳቸውም ወደዱት፤ መዝሙሩ ሲጀመር ከሁሉ ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ሆኑ።

ጎረምሳ ልጅ ላላችሁ ደግሞ ስታዲየሙ የመጀመሪያ ሥራ የሚገኝበት ቦታ ነው። ትኬት መቀበል፣ ሰው ማስቀመጥ፣ ምግብ መሸጥ፣ ልጆችን ማጫወት። ሥራው ማታና ቅዳሜና እሑድ ነው። በሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ወላጅም ይፈርማል። ቅጥሩ የሚጀምረው በረዶው ሳይቀልጥ ነው፣ ስለዚህ ሰመር እስኪመጣ አትጠብቁ። ሰፊ ቤት ካላችሁም ብዙ ትንንሽ ቡድኖች ተጫዋች የሚያሳድር ቤተሰብ ይፈልጋሉ። እኛ ክፍል ስላልነበረን አላደረግነውም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ቡድኑ ለምን ጠፋ?

ይህን ለመረዳት በሁለት ዓይነት ቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ከሜጀር ሊግ ክለብ ጋር የተያያዘው ነው። የተጫዋቾቹንና የአሠልጣኞቹን ደመወዝ የሚከፍለው ትልቁ ክለብ ነው። ሁለተኛው ራሱን የቻለው፣ ኢንዲፔንደንት የሚባለው ነው። የአትላንቲክ ሊግ ቡድኖች እንዲህ ናቸው። ከ2020 ወዲህ ሊጉ የሜጀር ሊግ አጋር ቢባልም ደመወዙን፣ አውቶቡሱን፣ ሆቴሉን፣ ኳሱን ሁሉ የሚከፍለው የቡድኑ ባለቤት ነው። ገቢው ደግሞ ትኬት፣ ምግብና መጠጥ፣ ቆብና ማሊያ፣ አጥሩ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ነው። ዝናብ የበዛበት አንድ ሳምንት ራሱ ይጎዳዋል።

አገር ቤት ቡድን ሲደክም አንድ ዲቪዚዮን ይወርዳል፣ ጊዜ ሲያልፍለት ይመለሳል። እዚህ መውረድ የሚባል ነገር የለም። ወይ ሊጉ ውስጥ አለህ፣ ወይ የለህም። ሊጉ ደግሞ የቡድኖቹ ቁጥር ሙሉ እንዲሆን ይፈልጋል። ጨዋታው በየቀኑ ማለት ይቻላል ስለሆነ፣ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ቡድን ያለ ተጋጣሚ ይቀመጣል። በ2024 ከእኛ ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቀው ሄገርስታውን አዲስ ስታዲየምና አዲስ ቡድን ይዛ ወደ ሊጉ ገባች። የእኛ ወጣ። ሊጉም በ10 ቀጠለ። አንድ ስታዲየም ለሁለት ቡድን፣ ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ ሦስተኛ ቡድን፤ ይህ እንደማይዘልቅ አሁን ሳስበው ግልጽ ነው። ያም ሆኖ አዝኛለሁ። ልጄ ከእኔ በላይ አዝኗል።

ለልጅ እንዲህ ያለ ዜና ሲነገር «ምንም አይደለም፣ ሌላ ቡድን ይመጣል» አትበሉ። ለእሱ ቡድኑ ምንም አይደለም ማለት አይደለም። እኛ ቤት የጠቀሙን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ተጫዋቾቹ የት እንደሄዱ አብረን ፈለግን። ራሱን የቻለ ሊግ ተጫዋች ተንቀሳቃሽ ነው። አንዱን ትልቅ ክለብ ኮንትራቱን ገዝቶ ይወስደዋል፣ ሌላው ሜክሲኮ ይሄዳል፣ ሌላው በዚያው ሊግ ቡድን ይቀይራል። ኳስ አያያዝ ያሳየውን ፒቸር ስም በሌላ ቡድን ዝርዝር ውስጥ ስናገኘው ልጄ ፊቱ በራ። ቡድኑ ቢፈርስም ሰዎቹ እየተጫወቱ እንደሆነ ገባው።

ሁለተኛ፣ የድሮውን ታሪክ አሳየሁት። ስታዲየሙ ሃሪ ግሮቭ ይባላል። የተከፈተው በ1990 ነው። ሃሪ ግሮቭ ማን እንደሆነ ብዙ ሰው አይጠይቅም። በ1915 በፍሬድሪክ ሃስትለርስ የሚባል ቡድን ካቋቋሙት አንዱ ነው። ሃስትለርስ የሚጫወተው በብሉ ሪጅ ሊግ ነበር። የሊጉ ከተሞች በሙሉ ትንንሽ ናቸው፦ ሄገርስታውን፣ ማርቲንስበርግ፣ ቻምበርስበርግ፣ ሃኖቨር፣ ጌቲስበርግ። ሊጉ በ1930 አበቃ። ግን ከዚያ የወጡ ሰዎች አሉ። ሃክ ዊልሰን በ1921 በማርቲንስበርግ ጀመረ። በ1930 ለቺካጎ ከብስ ሲጫወት በአንድ የውድድር ዘመን በምቱ 191 ሩጫ (ነጥብ) አስገባ፤ ይህ ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም። እንግዲህ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ስታዲየም ራሱ በጠፋ የትንሽ ከተማ ቡድን መሥራች ስም የተሰየመ ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እና የእኛዎቹንም ሰው ይጽፋቸዋል?» አለ።

ለዚህ ነው ወረቀቶቹን እንዳትጥሉ የምለው። ትኬት፣ የጨዋታ ፕሮግራም፣ በእጃችሁ የሞላችሁት ስኮርካርድ፣ ያነሳችሁት ፎቶ። አንድ ሰመር ብቻ የኖረ ቡድን ብዙ ወረቀት አይተውም። መሐል ከተማ ባለው በሲ በር አርትዝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሜሪላንድ ሩም የሚባል የአካባቢ ታሪክ ክፍል አለ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተመሳሳይ ክፍል ታገኛላችሁ። የተረፋችሁን ወረቀት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። የእኛም ስም፣ የሐበሻ ቤተሰብ ስም፣ በዚህ ከተማ ወረቀት ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ገንዘብን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። አዲስ ቡድን ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት የብዙ ዓመት ጥቅል አትግዙ። ጥቂት ጨዋታ የያዘ ትንሽ ጥቅል ይበቃል። ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ስታዲየሙ የማን ነው? ቡድኑ የተከራየው ለስንት ዓመት ነው? ሌላ ቡድን ይጋራዋል? ቡድኑ ባይጫወት ገንዘቤ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ነገር ይዛወራል? መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። በካሽ ሳይሆን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ይህን ስጠይቅ ማንም አልተቆጣም። የሚሸጡት ልጆች ራሳቸው ያውቁታል።

ልጄ አሁን ረዘም ብሏል፣ በከተማው ሊግ ሾርትስቶፕ ይጫወታል። ጨዋታ ማየቱን አልተወም። አንዳንዴ ሄገርስታውን እንሄዳለን። ቡድኑ ፍላይንግ ቦክስካርስ ይባላል፤ ስሙ በዚያች ከተማ ይሠራ ከነበረ የጭነት አውሮፕላን የመጣ ነው። እዚያ ስንሄድ አንድ ነገር ሁልጊዜ እነግረዋለሁ። በኋላ ከቤዝቦል ታላላቆች አንዱ የሆነው ዊሊ ሜይስ በ19 ዓመቱ፣ በ1950፣ የመጀመሪያውን የማይነር ሊግ (ከትልቁ ሊግ በታች ያለው) ጨዋታውን ያደረገው በሄገርስታውን ነው። ጥቁር በመሆኑ ከመቀመጫው ይሰድቡት ነበር። ከቡድኑ ጋር በአንድ ሆቴል እንዲያድርም አልተፈቀደለትም። ጥቁር ልጅ ይዤ በእነዚህ ከተሞች ስታዲየም ስገባ ይህን ማወቁ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ልጄ እዚያ ሲገባ በር ላይ የሚቆሙት ሰውዬ በስሙ ነው የሚጠሩት።

ኪይስም አለ። ከ2026 ጀምሮ ወደ ኦሪዮልስ እንዲመለስ ስለተወሰነ፣ ፍሬድሪክ እንደገና ነገ ባልቲሞር የምታዩአቸውን ልጆች ታያለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከጀርመንታውን የምትመጡ ከሆነ 270ን እስከ መጨረሻው ተከተሉ። ስታዲየሙ ከ70 መንገድ ብዙ አይርቅም። የሥራ ቀን ከሆነ የማታው ትራፊክ ስለሚይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ተነሱ። ጨዋታው በዝናብ ቢቋረጥ የትኬቱን ቁራጭ ወይም ስልካችሁ ላይ ያለውን አታጥፉት፤ ብዙ ጊዜ በሌላ ቀን ያስገባችኋል። እንደገባችሁ ምግብ ሰልፍ ላይ ከመቆማችሁ በፊት ልጁን ወደ አጥሩ ላኩት።